አሥር አለቃ በላይነሽና የሱሉልታው ቁርጥ

እትዬ በላይነሽን ለምታውቋቸው ሁሉ፤ እትዬ በላይነሽ አርፈዋል። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቡራዩ በሚገኘው ቤታቸው፣ በገዛ አልጋቸው ላይ ሳሉ ነው ነፍሳቸው ያለፈችው። በማግሥቱ በሰፈራችን ሚካኤል ተቀብረዋል። ወሬው ዘግይቶ ደርሷችሁ ወይም መንገድ ርቋችሁ በቀብሩ ያልተገኛችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ የአጥር ጎረቤታቸውና የጽዋ ማኅበራችን ጸሐፊ እንደመሆኔ፣ ስለ እሳቸው የማስታውሰውን ልጽፍላችሁ ወደድኩ።

ከቀብሩ ልጀምር። እትዬ በላይነሽ ልጅ አልወለዱም፤ እኛ የምናውቀው ዘመድም አልነበራቸውም። ስለዚህ የእድራችን ሰዎች ለቀስተኛው እንዳያንስ ሰግተው፣ ጎረቤት ለጎረቤት ተጠራርቶ እንዲወጣ አሳስበው ነበር። ፍትሐቱ ሊጀመር ሲል ግን ከሰበታም ከሰንዳፋም የመጡ ሚኒባሶች በር ላይ ቆሙና፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች እየተንጋጉ ወረዱ። ከእኛ ይልቅ አምርረው ያለቅሱ ነበር። የእድራችን ሊቀ መንበር ነገሩ ግራ ቢገባቸው፣ አንዲት ደልደል ያለች ሴትዮ ዘንድ ቀርበው በትሕትና፣ «እህቴ፣ ከሟች ጋር ዝምድናችሁ በማን በኩል ነው?» ብለው ጠየቋት።

ሴትዮዋ ዓይኗን ጠረገችና፣ «በእስር ቤት በኩል ነው» አለች።

በቀብር ላይ መሳቅ ነውር ነው። ቢሆንም በዚያ ዕለት ነጠላውን አፉ ላይ ያላደረገ ሰው አልነበረም፤ ግማሹ ለለቅሶ፣ ግማሹ ሳቁን ለመደበቅ። እትዬ በላይነሽ ቢሰሙ ኖሮ ከሁላችን ቀድመው በዚያ ወፍራም ድምፃቸው የሚስቁ እሳቸው ነበሩ።

እትዬ በላይነሽ ወሎ ተወልደው፣ ገና በልጅነታቸው አዲስ አበባ መጥተው፣ በወህኒ ቤት ዘብነት ተቀጠሩ። የሥራ ዘመናቸውን ሙሉ ያሳለፉት በሴቶች እስር ቤት ነው። ጡረታ የወጡት በአሥር አለቃ ማዕረግ ነበር። ከዚያ በላይ ያላደጉት አለቆቻቸውን ፊት ለፊት ስለሚናገሩ ነው ይባላል። እሳቸው ግን፣ «ከአሥር ሰው በላይ ማዘዝ ራስ ያሳምማል» እያሉ ነገሩን ያልፉት ነበር። ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሰፈሩ ገና ባሕር ዛፍ ሳለ፣ ቤት ሠሩ፤ አንዲት ላምም ገዙ። ከግቢያቸው ማዶ ከሚኖሩት ሽማግሌ ገበሬ ከኦቦ ገመዳ ጋር ደግሞ በየከሰዓቱ በቆርኪ ዳማ ይጫወቱ ነበር። ኦቦ ገመዳ እምነታቸው ሌላ ነው፤ በእትዬ በላይነሽ ላይ የነበራቸው ቅሬታ ግን የሃይማኖት አልነበረም። «በላይነሽ ቆርኪ ትሰርቃለች» እያሉ ለሰው ሁሉ ይናገሩ ነበር። እትዬ በላይነሽም አይክዱም። «ከሌባ ጋር ስኖር ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ይህችን ታህል ካልተማርኩማ ምን ስሠራ ነበር?» ይሉ ነበር።

ጡረታ ቢወጡም ሥራው ከእሳቸው አልወጣም። የማኅበር ዕለት ጽዋው ተጠጥቶ ስንበተን በር ላይ ቆመው በጣታቸው ይቆጥሩናል። ሚኒባስ ውስጥ ሲገቡም ተሳፋሪውን ይቆጥራሉ፤ ረዳቱ ትርፍ የጫነ እንደሆነ ያን ቀን ወዮለት። ሐሜት ሲሰሙ ደግሞ ወዲያው ችሎት ያስችላሉ። አንዲት ጎረቤታችን ሽንኩርት ልትዋስ መጥታ ስለ ሌላዋ ጎረቤት ስትጀምርላቸው እኔም ነበርኩ። «ክሱ ምንድን ነው? ምስክር አለሽ? ተከሳሿስ የት አለች?» ብለው አከታትለው ጠየቋት። መልሱንም ሳይጠብቁ፣ «ተከሳሽ በሌለችበት ምን ይፈረዳል? ሽንኩርትሽን ይዘሽ ሂጂ» አሏት።

ብዙ ጊዜ የሚናገሯት አንዲት ነገር ነበረቻቸው። «ወህኒ ቤት ሳለሁ 'አዎ፣ አጥፍቻለሁ' ያሉኝ ሴቶች ጥቂት ናቸው። ጡረታ ወጥቼ ቡራዩ ስገባ ግን ጭራሽ አንድም አላገኘሁ።»

አሁን ስለ አቶ ምናሴ መናገር አለብኝ፤ ይህን እንድጽፍ የፈቀዱልኝም ራሳቸው ናቸው። «ጻፊው፤ ቁርጡንም ሳይቀር ጻፊው» ብለውኛል። አቶ ምናሴ የማኅበራችን ሙሴ ናቸው፤ የጽዋ ማኅበር መሪ «ሙሴ» እንደሚባል ታውቃላችሁ። ሐቁን ለመናገር ለሰው የሚደርሱ ሰው ናቸው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ቀድመው የሚደርሱት፣ ታማሚ ሲጠየቅ መጨረሻ የሚወጡት እሳቸው ናቸው። ችግራቸው አንድ ነበር፤ የሌላው ሰው ኃጢአት እንደ ተቃጠለ ወጥ ከሩቅ ይሸታቸዋል። የልጃገረዱን ሱሪ፣ የጎረምሳውን ጸጉር፣ አርፍዶ የሚያስቀድሰውን፣ አስቀድሶ የሚያንቀላፋውን፣ ሁሉንም ያያሉ። ማኅበሩ በቴሌግራም ቡድን ሲከፍት ደግሞ ሥራቸው ቀለለ። በየማለዳው ለሁላችንም ተግሣጽ ይልኩልናል፤ ስም አይጠሩም፣ ግን ሁሉም ሰው የቱ ለእሱ እንደሆነ ያውቃል።

ትዕግሥት የሟች እናቷን ቦታ ተክታ ማኅበራችን የገባች ልጅ ናት። ታክሲ መያዣው አጠገብ ትንሽ ጸጉር ቤት አላት። ካቻምና ሳታገባ አረገዘች። ልጁ ሊያገባት ቃል ገብቶ ነበር፤ ሆዷ ሲታይ ግን ስልኩን ዘጋ። አንድ የማኅበር ዕለት አቶ ምናሴ ተነሡና፣ ጽዋው በተቀመጠበት፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ስሟን ጠርተው ገሠጿት። እናቷ በሕይወት ብትኖር በዚህ ትሞት እንደነበር ተናገሩ። ንስሐ ገብታ ነገሩ እስኪስተካከል ድረስም ከማኅበሩ እንድትቆይ አሉ። ትዕግሥት ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች፣ ጫማዋን በር ላይ በእግሯ ፈለገች፤ ጎንበስ ማለት ከብዷት ነበርና። ከዚያ ወጣች። እኛም ዳቦአችንን በላን።

እትዬ በላይነሽ በዚያ ዕለት አልነበሩም፤ አንዲት የቀድሞ እስረኛቸው ታማ ሰንዳፋ ሄደው ነበር። ሲመለሱ ነገሩን ሰሙና የጠየቁን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ማን ሸኛት?» የሸኛት አልነበረም። ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ። በኋላ ትዕግሥት እንደነገረችኝ፣ ገብተው አልጋዋ ጫፍ ላይ ከተቀመጡ በኋላ እንዲህ ነው ያሏት፦ «ተሳስተሻል። መሳሳትሽንም አውቀሻል። ይኼ አለቀ፤ አንደግመውም። አሁን ምን በልተሻል?»

ከዚያ ወዲህ በየወሩ የማኅበር ዳቦ ሲቆረስ የትዕግሥትን ድርሻ በፌስታል ይዘው ይወጡ ነበር። አንዳንዶቻችን ይህ ኃጢአቱን ማበረታታት አይሆንም ወይ ብለን ጠየቅናቸው። እሳቸውም ለወንጀለኛ ሁሉ ራት ሲያቀርቡ መኖራቸውን፣ በዚህ ምክንያት ግን ወንጀል ጥሩ ነገር ነው ያላቸው ሰው እንዳልነበረ ነገሩን። ትዕግሥት ስትወልድ ሆስፒታል በር ላይ የዋሉት እሳቸው ናቸው። ሕፃኗ ሶልያና ክርስትና ስትነሣም የክርስትና እናት ሆኑ።

ይህ በእንዲህ እንዳለ የአምናው ሁዳዴ ገባ።

የማኅበራችን አባል የሆነው ዮናስ የሚኒባስ ሾፌር ነው። አንድ ቅዳሜ የሌላ እምነት ሰዎች ሠርግ ነበራቸውና እንግዳ ጭኖ ሱሉልታ ሄደ። እንግዶቹን አውርዶ መኪናውን የሚያጥብበት ሲፈልግ በአንድ ሥጋ ቤት አጠገብ አለፈ። ከጓሮ በኩል፣ ጥግ ላይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ሰው ተቀምጧል። ባርኔጣው እስከ ቅንድቡ ወርዷል፤ በቀኝ እጁ ቢላዋ፣ በግራ እጁ የሥጋው ጫፍ፣ አዋዜው ከፊት ለፊቱ። ዮናስ በመጀመሪያ ያወቀው ኮቱን ነው፤ በየማኅበሩ የምናየውን የአቶ ምናሴን ቡናማ ኮት። ስልኩን አወጣና አነሣቸው። ፎቶውንም እዚያው እንደቆመ በማኅበሩ ቡድን ላይ ለቀቀው። የዚያን ዕለት ጠዋት አቶ ምናሴ የላኩልን ተግሣጽ ሆድን ስለ መግታት ነበርና፣ ፎቶው የወረደው ልክ ከእሱ ሥር ነው።

ከዚያ የሆነውን ዮናስ ሲነግረን ሁልጊዜ ራሱን ይይዛል። የአቶ ምናሴ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። እጃቸውን በወረቀት ጠርገው፣ መነጽራቸውን አድርገው ከፈቱት። የገዛ ጀርባቸውን አዩ። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው ዞሩ። ዮናስ በዚያች ሰዓት፣ «እንደምን ዋሉ?» አላቸው።

ጥቂት ቆይቶ በሁላችንም ስልክ ላይ አቶ ምናሴ ከቡድኑ እንደወጡ የሚገልጽ ጽሑፍ ታየ።

ማኅበራችን እንደዚያ ቀን ተደስቶ አያውቅም። ጌታ ይቅር ይበለን እንጂ በዓል ነበር የሚመስለው። በየልብሱ፣ በየጸጉሩ የተገሠጸ ሁሉ ብድሩን መለሰ። አንዱ፣ «ሙሴ ሕዝቡን በረሃ ትቶ ብቻውን ተስፋይቱ ምድር ገባ» ብሎ ጻፈ። ሌላዋ ሥጋው ስንት እንደተሸጠ ጠየቀች። ፎቶው በሰዓታት ውስጥ ሰበታ ደርሶ፣ የማኅበራችን አባል ካልሆኑ ሰዎች ተመልሶ መጣልን። ማምሻውን እትዬ በላይነሽ የድምፅ መልእክት ላኩ። ስልክ ሲያናግሩ እንደ እስረኛ ቆጠራ ሰዓት ነበር የሚጮኹት፤ «አሥር አለቃ በላይነሽ ነኝ። ፎቶውን አይቼዋለሁ። ሥጋው ጥሩ ይመስላል። አሁን ሁላችሁም ስልካችሁን አስቀምጡ» የሚል ነበር። ግን ማን ያስቀምጣል?

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ገሚሱ አቶ ምናሴ ከሙሴነት ብቻ ሳይሆን ከማኅበሩም ይውጡ አለ። በሰፈሩበት ቁና መሰፈር ነው የሚል ክርክር ቀረበ። ገሚሱ ደግሞ ማንም ንጹሕ የለምና ነገሩን እንተወው፣ «አትፍረዱ» ተብሏል አለ። በሁለቱም ወገን ብዙ ተባለ። እትዬ በላይነሽ ጥግ ላይ ተቀምጠው ከሰሙ በኋላ ተነሡ።

መጀመሪያ የተናገሩት ለሁለተኛው ወገን ነው። «ትዕግሥት ስትወጣ ይህ 'አትፍረዱ' የምትሉት ቃል የት ሄዶ ነበር? ያኔ ገና አልተጻፈም ነበር እንዴ?» አሉ።

ቀጥለውም ወደ ሁሉም ዞረው እንዲህ አሉ፤ በቃል የማስታውሰው ይህን ነው። «ምናሴ ሥጋውን ከኔ ሳህን አላነሣም። የንስሐ አባት አለው፤ የእሳቸውን ሥራ አንሻማ። የትዕግሥት ጉዳይ ግን የእኛ ነው፤ እዚህ ቤት ሰው ተጎድቷል። ሰው የተጎዳበትን ነገር 'እኔ አልፈርድም' ብሎ ማለፍ ጽድቅ አይደለም፤ ስንፍና ነው። እሱ ተናገረ፣ እናንተ ደግሞ ተቀምጣችሁ ሰማችሁ። በኛ መሥሪያ ቤት ይኼ ግብረ አበር ይባላል።»

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ እትዬ በላይነሽ በሰው የማይፈርዱ ሴት እንደሆኑ ነበር የማምነው፤ ለሰውም እንደዚያ ብዬ እናገር ነበር። በዚያ ዕለት ግን ሲፈርዱ አየኋቸው። ደግሞም ካለ ርኅራኄ ፈረዱ ለማለት አልችልም፤ ሲጨርሱ ዳቦውን አንሥተው፣ «በሉ ብሉ፤ በባዶ ሆድ ጸጸት አይጸናም» ብለው ለሁላችን አደሉን። ስብሰባውም ያለ ውሳኔ ተበተነ። እሳቸው ግን ወስነው ነበርና፣ ምስክር ያስፈልገኛል ብለው እኔን አስከትለው ወደ አቶ ምናሴ ቤት አመሩ።

በሩን የከፈቱልን ባለቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ ናቸው። አቶ ምናሴ ደም ግፊት ተነሥቶባቸው እንደተኙ ነገሩን። የሱሉልታውም ነገር ቢሆን ሰው በከንቱ ነው ያወራው፣ ደም አንሷቸው ሐኪም ሥጋ እንዲበሉ ስላዘዘ ነው አሉ።

እትዬ በላይነሽ በጣም ካሰቡ በኋላ፣ «ጥሬውን ነው ያዘዘው? ከነአዋዜው?» ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ አልማዝ ወደ መኝታ ቤት መሩን።

አቶ ምናሴ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ስበው ተኝተዋል። ከሥር በኩል ግን ጫማቸው ታይቷል፤ ድምፃችንን ሲሰሙ ነው መሰለኝ ከነጫማቸው አልጋ የገቡት። እትዬ በላይነሽ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ጫማውን አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

«እትዬ፣ ሊስቁብኝ ነው የመጡት?» አሉ አቶ ምናሴ።

«መሳቁንማ ቤቴ ስቄ ጨርሼ ነው የመጣሁት።»

አቶ ምናሴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ቀስ በቀስ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ተናገሩ። ለራሳቸው ላም ድርቆሽ ሊገዙ ሱሉልታ መሄዳቸውን፣ በሥጋ ቤቱ በር ሲያልፉ እግራቸው መቆሙን ነገሩን። የሐኪም ትእዛዝ የሚባለው ውሸት ነው፤ አምሯቸው ነው። ለዓመታት ሰውን ሲገሥጹ የኖሩት ከእንዲህ ያለው ነገር ራሳቸውን የሚጠብቁ መስሏቸው እንደነበርም ተናገሩ። በመጨረሻም፣ «ይፍረዱብኝ፤ ከሁሉም እርስዎ ቢፈርዱብኝ ይሻላል» አሉ።

«እኔ በር ከፋች ነበርኩ እንጂ ዳኛ አልነበርኩም» አሉ እትዬ በላይነሽ። «ስለ ሥጋው ከኔ አንድ ቃል አትሰማም። ስለ ትዕግሥት ግን ትሰማለህ።»

አቶ ምናሴ ከትራሱ ቀና አሉ። ልጅቷ ማጥፋቷን፣ እሳቸውም የተናገሩት እውነት መሆኑን በትሕትና ግን በጽናት አስረዱ። አሁንም ቢሆን ሐሰቱ የቱ ላይ እንደሆነ አልታያቸውም ነበር።

«ሐሰት ተናገርክ አላልኩም» አሏቸው። «ስማ ምናሴ፤ አዲስ እስረኛ ስትገባ ቅማል ይዛ ትገባለች። እኔ በጆሮዋ ነግሬ፣ ጓሮ ወስጄ፣ ራሷን በእጄ አጥቤ አወጣታለሁ። በቆጠራ ሰዓት፣ ሴቱ ሁሉ በተሰለፈበት፣ ስሟን ጠርቼ 'ቅማላም ናት' ብል እውነት ነው። ግን ቅማሉ አይሞትም። የምትሞተው ልጅቷ ናት።»

አቶ ምናሴ ብርድ ልብሱን ገፍተው ተነሡ፤ ጫማቸውን አስቀድመው ስላጠለቁ ለመውጣት ጊዜ አልፈጀባቸውም።

መንገድ ላይ፣ ትዕግሥትን ለብቻዋ አስጠርተው ቢያነጋግሯት እንደሚሻል ሐሳብ አቀረቡ። እትዬ በላይነሽ ያዋረዷት በሰው ፊት ነውና ይቅርታውም በሰው ፊት እንደሚሆን ነገሯቸው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ጸጉር ቤቱ ሞልቷል። ገሚሶቹ ሴቶች ራሳቸው ላይ ቢጉዲን ጠቅልለው በጸጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጠዋል። ትዕግሥት አንዲት ወጣት ሹሩባ እየሠራች ነው፤ ሶልያና ጥግ ላይ ባለ ፍራሽ ላይ ተኝታለች። አቶ ምናሴ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው መካከል ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ በሰው ፊት አዋርጄሻለሁ። አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አሉ።

ካስክ ሥር ከነበሩት አንዷ በማድረቂያው ጩኸት ምክንያት አልሰማችምና፣ «ምን አሉ?» ብላ ጠየቀች። አቶ ምናሴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት። አጠገቧ ያለችው ደግሞ የሰማችው ግማሹን ብቻ ነበርና በምን እንዳዋረዷት ጠየቀች። ይህን ጊዜ አቶ ምናሴ እየጮኹ ከመጀመሪያው ጀምረው መናገር ግድ ሆነባቸው። ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፍ ወደ መስታወቱ ዞረ። እትዬ በላይነሽ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የጸጉር ፋሽን መጽሔት ይገልጡ ነበር፤ በአንዲት ቃልም አላገዟቸውም።

የትዕግሥት እጅ ከሹሩባው ላይ አልተነሣም። አቶ ምናሴ ሲጨርሱ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ሰምቻለሁ» አለች። «ይቅር ለማለት ጊዜ ያስፈልገኛል። እናቴን ጠርተውብኝ ነበር።» ይህን ስትል ሕፃኗ ነቅታ ማልቀስ ጀመረች። ትዕግሥት እጇን አየችና፣ «እስከዚያው እሷን ያንሡልኝ፤ እጄ ቅባት ነው» አለች።

አቶ ምናሴ ሶልያናን አነሡ። ቀጭን ሹሩባ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የማታውቁ ካላችሁ፣ የምታውቁ ንገሯቸው። እኔ ጉዳይ ነበረኝና ወጥቼ ስመለስ፣ ሰውየው እዚያው ቆመው ከወዲያ ወዲህ ይወዛወዛሉ። ሕፃኗ በቡናማው ኮት ትከሻ ላይ አንቀላፍታለች። ሴቶቹ እየተንጫጩ ያወሩ ስለነበር አቶ ምናሴ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ «ቀስ፣ ቀስ» ይሏቸው ነበር። እሳቸው በሹክሹክታ ሲናገሩ የሰማሁት በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ትዕግሥት በሚቀጥለው ወር ወደ ማኅበሩ አልመጣችም፤ ከዚያ በኋላ ባለውም አልመጣችም። ማንም እንዳይጎተጉታት እትዬ በላይነሽ ከልክለውን ነበር። ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ሚካኤል ላይ፣ ጸሎቱ ካለቀ በኋላ፣ ሕፃኗን አዝላ ገባች። አቶ ምናሴ፣ «ማርፈድ…» ብለው ጀመሩና አፋቸውን ያዙ። ከዚያ ተነሥተው መቀመጫቸውን ለቀቁላት። ዛሬም ቢሆን መገሠጽ አልተዉም፤ የተፈጥሮ ነገር ነው። ግን ወደ ሰውየው ሄደው በጆሮው ነው የሚናገሩት። ጆሯቸው ትንሽ ስለደከመ ሹክሹክታቸው ሦስተኛ ቤት ድረስ ይሰማል፤ ቢሆንም ሐሳቡን እንቆጥርላቸዋለን።

እትዬ በላይነሽ ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ ልባቸው ደከመ። ትዕግሥት በየሳምንቱ እየመጣች ራሳቸውን ታጥባቸው፣ ታበጥራቸው ነበር። ኦቦ ገመዳ የዳማውን ሰሌዳ አልጋው ድረስ ያመጡላቸዋል፤ ቆርኪ ሲሰረቁም ዝም ማለት ጀምረው ነበር። እትዬ በላይነሽ ይህን ሲያዩ ነው ሞታቸው መቅረቡን ያወቁት፤ «ገመዳ ካልተቆጣኝማ አልቆልኛል» አሉኝ። አቶ ምናሴ ደግሞ ጠዋት ጠዋት እየመጡ ጸሎት ያደርሱላቸዋል። ያነባሉ፣ ያለቅሳሉ፣ እንደገና ያነባሉ። እትዬ በላይነሽም፣ «አንዱን ምረጥ፤ ሁለቱን አብሮ መከታተል አልቻልኩም» ይሏቸው ነበር።

ከማረፋቸው ጥቂት ቀናት በፊት ሁላችንም በተሰበሰብንበት፣ አቶ ምናሴ መጽሐፉን አጠፉና፣ «እትዬ፣ ፍርዱን አይፈሩም?» ብለው ጠየቋቸው። አጠያየቃቸው ለእሳቸው ብቻ ሳይሆን ለራሳቸውም እንደነበር ሁላችንም ገባን።

እትዬ በላይነሽ እንዲህ አሉ፤ «ፍርዱን ለዳኛው ትቼዋለሁ። እኔን የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። ምሕረት ተደርጎላት ስሟ ሲጠራ፣ በሩን ከፍቼ 'ውጪ' ስላት ቆማ የምትቀር ሴት ብዙ አይቻለሁ። በስሕተት የተጠራች ይመስላታል። አንዳንዷንማ ገፍቼ ነው ያስወጣሁ። እኔም ያን ጊዜ 'ይቺ በላይነሽ ሌላ በላይነሽ ትሆናለች' ብዬ ቆሜ እንዳልቀር ነው የምሰጋው።»

እትዬ በላይነሽ፤ እነሆ እኛ እዚህ ነን። ማኅበሩ ደህና ነው፤ ሰው አልተባረረም። አቶ ምናሴ ለነፍስዎ ዕረፍት እየለመኑ ነው፤ ድምፃቸው እዚያ ድረስ ሳይሰማዎ አይቀርም። ላሟን ኦቦ ገመዳ ወስደዋታል፤ ሲያልቧት በኦሮምኛ ስለ እርስዎ ያወሯታል፤ ስሞታ ይሁን ናፍቆት አልለየንም። ሶልያና መራመድ ጀምራለች። ስለ እኛ ሐሳብ አይግባዎ።

ስለ ራስዎም አይስጉ። ስምዎ ሲጠራ ወደ ኋላ ዞረው ሌላ በላይነሽ አይፈልጉ፤ እኛ የምናውቃት በላይነሽ አንድ ብቻ ናት። በሩ ሲከፈት ይግቡ እንጂ፣ እትዬ። የሚገፋዎ ሰው አይጠብቁ።